ጅራፉን አጥፋው

የአውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ ከተማ ሆባርት፣ አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ነው። በዚያው ደሴት ስላለው የድሮ የእንግሊዝ እስር ቤት፣ ስለ ፖርት አርተር ግዞተኞች የሚያወራ ቲያትር ይዘን ነበር። ታዝማኒያ ውስጥ ይሄ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ቅድመ አያቱ እስረኛ ሆኖ በመርከብ የመጣ ሰው ሞልቷል። እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ወደ አውስትራሊያ የጫነችው እስረኛ ከ160 ሺህ ይበልጣል።

እኔ ደግሞ ያደግኩት ሰው ሲገረፍ ጎረቤት ካልሰማ ድራማ አይመስለኝም በምንልበት አገር ነው። ሦስት ሌሊት ላፕቶፔ ላይ ተጥጄ ሰንሰለት፣ የብረት በር፣ የሰው ጩኸት ስሰበስብ ከረምኩ። ጅራፉን የቀዳሁት ሶፋዬን በአሮጌ ቀበቶ እየገረፍኩ ነው። ከታች ያለው ጎረቤቴ እስከ ዛሬ በክፉ ዓይን ያየኛል።

ልምምድ ላይ «የተናጠል ወህኒ» የሚባለው ትዕይንት ደረሰ። ለቀቅኩት። ተዋናዮቹ ሳይቀሩ ደነገጡ። እኔም ኮራ አልኩ።

ኋላ ወንበር ላይ የእስረኞቹን የፊት መሸፈኛ የሚሰፉ ሴትዮ ነበሩ። ሰባን አልፈዋል። ፖርት አርተርን ለዓመታት ያስጎበኙ ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጫጫታ ከየት መጣ? እዚያ ቤት እኮ ድምፅ አልነበረም።»

ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል አልኩ በሆዴ። ሲያስረዱኝ ግን አፈርኩ።

ግርፋቱስ ነበረ፤ ቀደም ሲል። ባለሥልጣናቱ ግን ጅራፍ ሰውን ይበልጥ እንደሚያደነድን አዩ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የለንደኑን ፔንቶንቪል እስር ቤት አስመስለው ሌላ ወህኒ ሠሩ። እዚህኛው ቅጣቱ ዝምታ ነው። እስረኛው በቀን 23 ሰዓት ብቻውን ይዘጋበታል። ስም የለውም፣ በቁጥር ነው የሚጠራው። ለአንዷ ሰዓት ሲወጣ ፊቱን ይሸፍናል። ጠባቂዎቹ እንኳ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸው ላይ ለስላሳ የሱፍ ጫማ ይደርቡ ነበር። ቤተ ጸሎቱም በሳንቃ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ እስረኛ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች ቦታ ቆሞ ሰባኪውን ብቻ ያያል።

«ድምፃቸውን የሚያወጡት መዝሙር ሲዘመር ብቻ ነው» አሉኝ። «ኋላ ደግሞ እዚያው አጠገቡ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ተሠራ።» ይህን ብለው ክራቸውን በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ቀጠሉ።

የሦስት ሌሊት ሥራዬን ሰረዝኩት። አዘጋጁ አልተዋጠለትም። «ዝም ካልን ተመልካቹ ይተኛብናል» አለ። ስንከራከር አምሽተን በአርባ ሰከንድ ዝምታ ተስማማን። እኔ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጌ ኮሪደር ላይ እየተመላለስኩ አንዲት «ሽ... ሽ...» ቀዳሁ። ከዚያ በኋላ መዝሙሩ፣ እሱን እስከ ጥግ ከፈትኩት።

የመክፈቻው ምሽት ዝምታው ገባ። ወዲያው ማዳመጫዬ ውስጥ የመድረክ አስተባባሪዋ ተንጫጫች። «ድምፁ ተቋረጠ! ገመዱን እየው!»

«አልተቋረጠም።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰውዬ ከረሜላ ሊልጥ ወረቀቱን ነካው። ቀጭ! አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

ከረሜላውን የላጠው መዝሙሩ ሲጀመር ነው።