ከሴባስቶፖል ወዲያ

ከደሴ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። በኩታበር አድርገን አጅባር ገባን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሬ ጨረስኩት።

መቅደላ አናት ላይ ሴባስቶፖል አለ። አፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ ገደል ለገደል በሰው ጉልበት ተጎትቶ እዚህ ደረሰ። እጄን አሳረፍኩበት፤ ይቀዘቅዛል። አብዛኛው እንግዳ እዚህ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔ የመጣሁት ግን ለአሮጌ ነው።

አሮጌ ፋላ ከሚባለው ተራራ ሥር ያለ ሜዳ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ የአፄ ቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዞ እንግሊዞቹን ሊገጥም ወደዚህ ወረደ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃና ሮኬት ነበራቸው። ዝናብ እየወረደ ነው የተዋጉት። ከእኛ ወገን ወደ 700 ሰው ወደቀ፤ ገብርዬም እዚሁ ቀረ። ከእነሱ የቆሰሉት 20 ያህል ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉት በሦስተኛው ቀን፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ይህን ሁሉ አንብቤው ነበር። ቁልቁለቱን በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። ያ ሰው ሁሉ መጠለያ በሌለው ሜዳ ላይ እንዴት እንደሮጠ ሳስበው እግሬ ከዳኝ። ተቀመጥኩ።

በዞርኩበት ሁሉ ስለ ጦርነቱ የሚናገር ምልክት ፈለግኩ። አንድም አላየሁም። የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ ድንበር ላይ የተከመረ ድንጋይ፣ የሚግጡ በጎች። በቃ።

አብረውኝ የወረዱት አባባ የማሳው ባለቤት ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና አንዲት የእርሳስ ጥይት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የአውራ ጣቴን ጫፍ ታክላለች። ከኋላዋ ጎድጎድ ያለች፣ አንድ ጎኗ የተጨፈለቀ።

«ሳርስ ነው ያገኘኋት» አሉኝ። «የከተማ ሰው ልግዛህ አለኝ። እምቢ አልኩት።»

«ለምን አባባ?»

«ማንን መትታ እንደሆነ በምን አውቃለሁ ልጄ?»

መልስ አላገኘሁም።

እዚህ የመኪና መንገድ ቢሠራ ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው። መኪና እደጃቸው ቢደርስ ደስታቸው ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ መሸከም ሰልችቷቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ ቅርስ ይጠበቅ ብዬ ይህን ሰው መንገድ አያስፈልግህም ልለው አልችልም። ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው መንገድ ሠሪ ነበሩ። ያንን ሁሉ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ የጅዳንና የበሽሎን ወንዞች ገደል እየፈለጡ ወራት የፈጀ መንገድ ሠርተዋል። በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። የዚያ መንገድ ቅሪት ራሱ ቅርስ ነው፤ ዛሬ አንድ ግሬደር በግማሽ ቀን ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምለው ከግሬደሩ በፊት የሚያጠና ሰው ይምጣ ነው። የት ማን ቆመ፣ ጥይቱ የት ወደቀ፣ የሞቱት የት ተቀበሩ? ይህ በካርታ ላይ ይስፈር። መንገዱ ከሜዳው ዳር ይለፍ፤ ለቤትና ለአጥር የሚፈለጠው ድንጋይም ከሌላ ቦታ ይምጣ። ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለበት መሬት ተከልሎ፣ ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይካሄድበት ማድረግ ይቻላል ይላል። አንዲት እርሳስ ከነቦታዋ ብዙ ትናገራለች። በስካቫተር ከተገለበጠች በኋላ ግን ተራ ብረት ናት።

እንግሊዞቹ ሲሄዱ ዘረፋውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ነበር። ለንደን ያለውን ዘውድ መልሱ እያልን ዓመታት ጮኸናል፤ ልክም ነን። መጫን ያልቻሉት መሬቱን ነው። እሱ እጃችን ላይ አለ። እሱን ራሳችን እንዳናጠፋው ነው ከልቤ የሚያንገበግበኝ።

ልሰናበት ስል አባባን አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ እርሳሷን ያገኙበትን ቦታ እንዲያሳዩኝ። ማሳው መሃል ድረስ ይዘውኝ ገቡ። ዞር ዞር ብለው አዩና አንድ ቦታ ላይ በከዘራቸው ወጉ።

«እዚህ።»

ሦስት ድንጋይ ከድንበሩ አምጥተን ደረደርን። በሬዎቹ እንዳይረግጡት ሲያርሱ ዙሪያውን እንደሚተዉት ነገሩኝ።

«አብሽር» አሉኝ፣ እርሳሷን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ እየቋጠሩ። «እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም።»