ያጠፋሁት እድፍ

አዲስ አበባ ሳለሁ ፎቶ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው የሙሽሮችን ፎቶ ኤዲት ማድረግ ነበር፤ ብጉር ማጥፋት፣ ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት ማፍካት፣ ከጀርባ የገባውን የመብራት ገመድ ማውጣት። ሙሽራዋ አልበሟን ገልጣ ፊቷ ሲበራ ሥራዬ ተሳካ ማለት ነው። ዲቪ ደርሶኝ አሪዞና ስመጣ ይህን ልማድ ይዤ ነው የመጣሁት። ቱሳን ከተማ ውስጥ ሕንፃ ፎቶ የሚያነሳ አንድ ባለሙያ ረዳት አድርጎ ሲቀጥረኝም የወደደልኝ የእጄን ፍጥነት ነበር።

ሁለተኛው ወር ላይ ሳን ሃቪየር ዴል ባክ ወደሚባለው የድሮ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቱሳን ወደ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሬቱ ቶሆኖ ኦኦድሃም የሚባለው የአገሩ ቀደምት ሕዝብ ነው። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሕንፃው ብቻውን ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። የአገሩ ሰው «የበረሃዋ ነጭ ርግብ» ይለዋል። ቁጥቋጦና አቧራ ብቻ በሆነ ሜዳ መሀል ያን ንጣት ሳይ፣ ለጥምቀት ነጭ ለብሶ የወጣ ሰው ታየኝ። ካሜራዬን ሳላወጣ ትንሽ ቆሜ አየሁት።

ብዙ ጎብኚ ሕንፃውን ያሠራው ኢየሱሳዊው (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል) ካህን ኤውሴቢዮ ኪኖ ይመስለዋል። ኪኖ እዚህ መንደር የደረሰውና ሚሲዮኑን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1692 ነው፤ የሞተው ግን በ1711 ነው። አሁን የቆመው ቤተ ክርስቲያን የተገነባው ከ1783 እስከ 1797 ባለው ጊዜ፣ ፍራንሲስካውያን በሚባሉት ሌሎች የካቶሊክ መነኮሳት ዘመን ነው። የስፔን ንጉሥ በ1767 ኢየሱሳውያንን ከግዛቱ ሁሉ አስወጥቶ ነበርና ቦታቸውን የያዙት ፍራንሲስካውያኑ ናቸው። ጎንደር ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ አፄ ፋሲለደስም ከዚያ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብለው እነዚሁኑ ኢየሱሳውያን አስወጥተዋል። ለግንባታው 7,000 ፔሶ የተገኘው ከአንድ ባለ ርስት በብድር ነው። ጉልበቱ ግን የኦኦድሃም ሰዎች ጉልበት ነው፤ ዛሬም እሑድ እሑድ የሚያስቀድሱበት የእነዚያ ሰዎች ልጆች ናቸው። «ባክ» የሚለውም ቃል የተወሰደው ከቋንቋቸው ነው፤ ውሃ ብቅ የሚልበት ስፍራ ማለት ነው።

የፊት ለፊቱ መግቢያ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ በቅርጽ የተሞላ ነው። ከግራና ከቀኙ ሁለት ነጭ ግንቦች ቆመዋል። የምዕራቡ ጉልላት አለው፤ የምሥራቁ የለውም፣ ሳያልቅ ነው የቀረው። ከላይ ሰው ወድቆ ስለሞተ ነው የሚል አለ፤ ግብር ላለመክፈል ነው የሚልም አለ። እኔ የሚመስለኝ ገንዘቡ ማለቁ ነው፤ በብድር የተጀመረ ቤት ምን እንደሚገጥመው የምናውቀው ነው። አለቃዬ መጀመሪያ ያሳየኝ ይህንኑ ግንብ ነበር።

«የምዕራቡን ጉልላት በፎቶሾፕ ገልብጦ ምሥራቁ ላይ የለጠፈ ሰው አይቻለሁ» አለኝ። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያልተሠራውን አንሠራም።»

ከልቤ ተስማማሁ። ያልነበረ ነገር መጨመር ውሸት ነው፤ ይህ ገብቶኛል። ያለውን ነገር ስለ ማንሳት ግን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ነጭ ሕንፃ በረሃ ላይ ማንሳት ከባድ ነው። ካሜራው ነጩን ሁሉ ግራጫ አድርጎ ስለሚለካው፣ ዝም ካሉት ግድግዳው አመድ ይመስላል። ብርሃኑን አንድ ወይም አንድ ተኩል ስቶፕ (የካሜራ የብርሃን መለኪያ ነው) መጨመር አለብሽ። ትንሽ ካበዛሽ ደግሞ ልስኑ ላይ ያለው ሸካራነት ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከምሥራቅ ደቡብ በኩል ስትወጣ ብርሃኑ ግድግዳውን በአግድም እየታከከ ያልፋል። እያንዳንዱ ስንጥቅ፣ እያንዳንዱ እብጠት ጥላ የሚጥለው ያኔ ነው። ይህ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ፎከሱ ልክ መሆኑን የምናረጋግጠው በአይጧ ነበር፤ ከመግቢያው በላይ ከግራና ከቀኝ የተቀረጹ ድመትና አይጥ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ድመቷ አይጧን የያዘች ቀን ዓለም ታልፋለች ይባላል። ስክሪኑ ላይ አጉልተን አይጧ ጥርት ብላ ካልታየች እንደገና እናነሳለን።

የእኛ ሥራ ታዲያ የሚያምር ፎቶ ማንሳት ብቻ አልነበረም። ሕንፃውን የሚጠብቁት ባለሙያዎች በየወቅቱ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ሰዓት የተነሳ ፎቶ ይፈልጋሉ። መሬቱ ላይ ምልክት አድርገን የካሜራውን ስታንድ እዚያው ላይ እንተክላለን። ከግድግዳው ሥር የመለኪያ ዘንግና የቀለም ካርድ እናቆማለን። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ልብ ብዬ አላሰብኩትም።

የካቲት ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ካፊያ ዘነበ። ቱሳን በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚዘንብላት፤ የሙቀቱ ወራት ዝናብ ነጎድጓድ ነው፣ ወርዶ ይሄዳል። የብርዱ ወራት ግን ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በአራተኛው ቀን ማለዳ ሰማዩ ጠራና ሄደን አነሳን። እንደዚያ ቀን ያማረ ብርሃን ከዚያ በፊት አላየሁም። የምሥራቁ ግንብ ላይ ግን ከላይ ከጠርዙ የጀመረ ጠቆር ያለ እድፍ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ በአጠገቡም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ።

ማታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ያን እድፍ ሳየው አዘንኩ። በእውነት ነው የምለው፣ አዘንኩ። እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲህ ባለ ማለዳ፣ ፊቱ ቆሽሾ! ለሙሽራ የማደርገውን አደረግኩለት። ከጎኑ ካለው ንጹሕ ልስን እየቀዳሁ እድፉን ሸፈንኩት፤ ስንጥቁንም ዘጋሁት። የወፍ ኩስም ነበር፣ እሱንም ጠረግኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ ግድግዳው ያበራ ነበር። በዚያው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግኩት፤ ወደ ውጪው ሃርድ ዲስክም የገለበጥኩት ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ሌላ ሥራ ስለነበረን ሜሞሪ ካርዱን ፎርማት አድርጌ አስረከብኩ። አለቃዬ ለቀን መቁጠሪያ የሚሆኑትን ፎቶዎች አይቶ አደነቀ። የየወቅቱን መዝገብ ከፍቶ አላየውም፤ እኔን አምኖ ላከው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስብሰባ ጠሩን። የጥገና ባለሙያዋ የኅዳሩንና የየካቲቱን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ደራርባ አንዱን ከሌላው ታፈራርቃለች። ኅዳር ላይ ስንጥቅ አለ። የካቲት ላይ የለም። ኅዳር፣ የካቲት፣ ኅዳር፣ የካቲት።

«ይህን ግድግዳ ማን ለሰነው?» ብላ ጠየቀች።

ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ አዛውንት ግንበኛ ተቀምጠው ነበር፤ የኖራውን ሥራ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «ማንም አልነካውም» አሉ። «ከዝናቡ በኋላ በእጄ ዳስሼዋለሁ። እርጥብ ነበር።»

ባለሙያዋ ፎቶውን አጎላችው። አጎላችው። ከዚያ ዝም አለች። ልስኑ ላይ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፣ እንደ ጉልቻ የተቀመጡ፤ እዚያው ፎቶ ላይ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ እነዚያው ሦስት ጉድጓዶች፣ በዚያው አቀማመጥ፣ በዚያው ጥላ። ከየት ቀድቼ የት እንደለጠፍኩ ለሁሉም ታየ።

አለቃዬ ዞሮ አየኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዲያምር ብዬ ነው።» ኦሪጅናሉን ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልጮኸብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ወደ መኪናዬ ስሄድ ሽማግሌው ጠሩኝና «ነይ» ብለው ወደ ግንቡ ሥር ወሰዱኝ። መዳፌን ግድግዳው ላይ አስቀመጡት። ያኔ ደርቆ ነበር፣ ሞቃት ነው።

«ውስጡ የተቃጠለ ጡብ ነው፣ በኖራ የተያያዘ» አሉኝ። «ኖራ ይተነፍሳል። ውሃ ቢገባው መልሶ ያወጣዋል። ከእኛ በፊት የነበሩት ሲሚንቶ ለሰኑት። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ ግን አይተነፍስም። ውሃው ከጀርባው ታፍኖ ጡቡን ዱቄት አደረገው። ከላይ ስታዪው ደህና ነው፤ ስትነቅዪው ውስጡ በእጅሽ ይዘገናል።»

ከዚያ አሁን እንዴት እንደሚለስኑት ነገሩኝ። ሲሚንቶውን ነቅለው ኖራና አሸዋ ይቀላቅላሉ። የበለስ ቁልቋል ቅጠል ከትፈው ውሃ ውስጥ ሲያቆዩት የሚያዝለገልግ ጭማቂ ይወጣዋል፤ ያን ጨምረውበት ያሹታል። ጭማቂው ልስኑን ያለሰልሰዋል፤ ዝናቡንም ይመልሳል፣ ትንፋሹን ግን አይዘጋበትም። የምዕራቡ ግንብ በዚህ መንገድ ታድሷል። የምሥራቁ ተራውን እየጠበቀ ነበር። የት ቦታ ጡቡ እንደሞተ፣ የት ደህና እንደሆነ ሳያፈርሱ የሚያውቁት በእድፉ ነው፤ ከዝናብ በኋላ እርጥበቱ እስከ የት እንደወረደ፣ በስንት ቀን እንደደረቀ።

«ያጠፋሽው ያ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ጎንደር እያደግኩ ፋሲል ግቢን እንደ ግቢያችን ነው የማውቀው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እድሳት ሲደረግለት ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ገብቶበት እንደነበር፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ያ ተነቅሎ በኖራ እንደተተካ ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ። ሰምቼ አለፍኩት። እዚያ በረሃ ውስጥ መዳፌ ግድግዳው ላይ ሆኖ ነው የገባኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ የገዛ አገሬን ግንብ ነገር ከሰው አገር ግንብ መማሬ አይደለም የሚያሳዝነኝ፣ እነዚያን የጎንደር ግድግዳዎች ስንት ጊዜ ፎቶ አንስቼ ስንት ጊዜ እድፋቸውን እንደጠረግኩ ማስታወሴ ነው።

መጋቢት ላይ ከአለቃዬ ጋር ተመልሰን ሄድን። ምልክቱ ላይ ስታንዱን ተከልን፣ በሰዓቱ አነሳን። ስንጥቁ አለ። እድፉ ግን ደርቆ በጭንቅ ነው የሚታየው። የየካቲቱ መዝገብ ጎደሎ ሆኖ ቀረ። ባለሙያዋ የመጋቢቱን ፎቶ በትልቁ አትማ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በዚያን ቀን እጃቸው እርጥበቱን ያገኘበትን እያስታወሱ በእርሳስ መስመር አሰመሩበት። ቀስ ብለው ነው ያሰመሩት፣ ሁለት ቦታ ላይ አጥፍተው እንደገና። ያ ወረቀት በፎቶው ፋንታ መዝገቡ ውስጥ ገባ።

አለቃዬ አላባረረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጥሬውን ፋይል ሁለት ቦታ ሳላስቀምጥና እሱ ራሱ ከፍቶ ሳያየው ካርድ አይጠፋም። የመዝገብ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ፎቶሾፕ የለም፤ እንዲወጣ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ካፊያው ተመልሶ መጣ። ሁለት ቀን ተኩል ዘነበ። ሦስተኛው ቀን ሳይነጋ ብቻዬን ነድቼ ሄድኩ፤ የቀለም ካርዱን አቆምኩ፣ አይጧን አየሁ፣ ብርሃኑ ግድግዳውን መታከክ ሲጀምር አነሳሁ። እድፉ ነበረ፤ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ። እዚያው መኪናው ውስጥ ሆኜ የሽማግሌውን እርሳስ ቅጂ አውጥቼ ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁት። ከላይ ሙሉ በሙሉ ይገጥማል። ከታች ግን እርጥበቱ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ያህል ወርዷል። ውሃው በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ወርዶ ነው ወይስ የእሳቸው ትዝታ ነው ከፍ ያለው? ባለሙያዋም ይህንኑ ጠየቀችኝ። መልሱ ያለው እኔ ባጸዳሁት ፎቶ ላይ ነበር።