መማርና ማሳየት፦ የባንዱራን ሙከራ ለመረዳት የሄድሁበት መንገድ

በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከአምናው ክረምት ጀምሮ ደግሞ ሥነ ልቦናን፣ በተለይም የባህሪያውያንን (መማርን በሚታይ ባህሪና በሚያስከትለው ውጤት የሚያስረዱትን) እና የማኅበራዊ ትምህርት (ሌላውን አይቶ የመማር) ንድፈ ሐሳቦችን በትርፍ ጊዜዬ አጠናለሁ። ሰሞኑን ለረጅም ጊዜ አልፈታ ብሎኝ የቆየ አንድ ጥያቄ፣ ማለትም በሌላው ላይ የደረሰው ነገር ያየውን ልጅ ባህሪ እንዴት ይለውጣል የሚለው፣ ስለተፈታልኝና ደስታውም ገና ስላልበረደልኝ፣ ይህንኑ ርዕስ ለምታጠኑ ባልደረቦቼ ላካፍላችሁ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማሬው ብዙም አላስቸገረኝም። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾች ከምግብ ጋር ተደጋግሞ የቀረበላቸውን ድምፅ ሲሰሙ፣ ምግቡ ባይኖርም ምራቃቸው እንደሚፈስ አሳየ። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ሣጥን ውስጥ የተዘጉ ድመቶችን ተመልክቶ፣ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት እንደሚደጋገም ጻፈ። ጆን ዋትሰን በ1913 ሥነ ልቦና የሚታየውን ባህሪ ብቻ ያጥና ብሎ ተነሣ፤ ሌላው ባህሪያዊ ቢ. ኤፍ. ስኪነርም ማጠናከሪያ (ድርጊቱ እንዲደጋገም የሚያደርግ ውጤት፣ ለምሳሌ ሽልማት) እና ቅጣት ባህሪን እንዴት እንደሚለውጡ በዝርዝር አጠና። የስኪነርን የማጠናከሪያ መርሐ ግብሮች (ማጠናከሪያው መቼ መቼ እንደሚሰጥ የሚወስኑትን ደንቦች) ግን እስካሁን ሠንጠረዥ ሳላይ አልዘረዝራቸውም፤ ስለዚህ በእነሱ ላይ ምክር አልሰጥም።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ አንድ ተራ ደብተር ነው። ገጹን በሦስት ዐምድ ከፍዬ፣ ከድርጊቱ በፊት ምን እንደነበረ፣ ተማሪው ምን እንዳደረገና ምን እንደተከተለ እመዘግብበታለሁ። ትርጓሜዎችን ከሃንድአውት ላይ መሸምደድ ለፈተና ካልሆነ በቀር ፋይዳ የለውም ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ሳምንት በጥንቃቄ የተመዘገበ ደብተር ከአንድ ጥራዝ ማስታወሻ የበለጠ ያስተምራል።

ያስቸገረኝም ነገር የተገኘው እዚያው ደብተር ውስጥ ነው። አንድ ተማሪ ክፍልፋይ ለመደመር ወደ ሰሌዳ ወጥቶ ሲሳሳት ክፍሉ ሳቀበት። በማግሥቱ እሱ እጁን አለማውጣቱ በስኪነር አካሄድ በቀላሉ ይገባል። ነገር ግን ከወትሮው እጃቸውን የሚያወጡ ሌሎች ልጆችም ዝም አሉ። በእነሱ ላይ ማንም አልሳቀም፤ በሦስተኛው ዐምድ ከስማቸው ትይዩ የምጽፈው ምንም ነገር አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት የማኅበራዊ ትምህርትን ንድፈ ሐሳብ ያቀረበው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልበርት ባንዱራ በ1965 ካወጣው ጥናት ነው። ብዙ ማጠቃለያዎች ይህን ጥናት ከ1961ዱ ጋር ስለሚያደባልቁት ሁለቱን ለየብቻ እንድታነቡ አጥብቄ እመክራለሁ። በ1961ዱ፣ ከተሳተፉት 72 ሕፃናት አንዳንዶቹ ቦቦ የተባለውን በአየር የተነፋ አሻንጉሊት የሚደበድብ አዋቂ ሰው በአካል ተመለከቱ፤ በኋላም እንደ እሱ ደበደቡ። በ1965ቱ ግን 66 ሕፃናት ድርጊቱን በፊልም አዩ፤ የፊልሙም መጨረሻ ሦስት ዓይነት ነበር። በአንደኛው ደብዳቢው ተሸለመ፣ በሁለተኛው ተቀጣ፣ በሦስተኛው ምንም አልደረሰበትም። ሲቀጣ ያዩት ሕፃናት ከሌሎቹ ያነሰ አስመሰሉ። ከዚያ ተመራማሪው ያዩትን ለሚያሳዩ ሁሉ ሽልማት እንደሚሰጥ ሲነግራቸው፣ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ሁሉም ተምረው ነበር፤ የተለያዩት የተማሩትን በማሳየት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ልጆቹን ያናገራቸው ሽልማት ከሆነ ስኪነር አሸነፈ ማለት አይደለምን? ደጋግሜ ካነበብሁት በኋላ የተረዳሁት፣ ሽልማቱ የመጣው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ መሆኑን ነው። ልጆቹ ፊልሙን ሲያዩ ራሳቸው ያደረጉትም ሆነ የተሸለሙበት ነገር አልነበረም፤ ሽልማቱ የሠራው የያዙትን በማውጣት ላይ ነው። ከባንዱራ በፊትም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶልማንና ሆንዚክ በ1930 ባወጡት ሥራ፣ ለ10 ቀናት ያለ ምግብ በተጠላለፈ መንገድ ሲዘዋወሩ የነበሩ አይጦች፣ በ11ኛው ቀን ምግብ ከተቀመጠላቸው በኋላ ስሕተታቸው ወዲያው መቀነሱን አሳይተዋል።

ይህን በክፍሌ ለማየት ሰሌዳውን ትቼ በየዴስኩ እየዞርሁ ተመሳሳይ ጥያቄ በደብተራቸው እንዲሠሩ ጠየቅሁ። ዝም ካሉት መካከል አንዲቱ ልጅ ገጹን በክንዷ ከልላ 3/4 ሲደመር 1/8 ጻፈች፤ 3/4ን ወደ 6/8 ቀየረች፤ 7/8 ብላ ጨርሳ እኔ ማየቴን ካረጋገጠች በኋላ ደብተሯን ዘጋች። ከሌሎቹም ዝምተኞች አብዛኞቹ ችለውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ አራተኛ ዐምድ አለው፦ ማን አየ የሚል።

ባንዱራ ከዘረዘራቸው አራት ሂደቶች፣ ማለትም ትኩረት፣ ማስታወስ፣ መልሶ መሥራትና መነሣሣት፣ ሦስተኛውን እንዳትዘሉት እመክራለሁ። በመንዝ እናቷ የበግ ጠጉር ስትፈትል እያየች ያደገች ልጅ የእንዝርቱን አያያዝና የጠጉሩን አሳሳብ በትክክል ልትናገር ትችላለች፤ መጀመሪያ ስትይዘው ግን ፈትሉ ይበጠስባታል። ማየት ለእጅ ልምምድ ምትክ አይሆንም፤ ማኅበራዊ ትምህርትን «አይቶ መኮረጅ» ብቻ አድርገው የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ይዘነጋሉ።

ስለ ቅጣት ያለኝ አቋምም ጠንክሯል። ልምጭ ይዞ የሚገባ መምህር ክፍሉን ጸጥ ሊያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን የተቀጣውን ጥፋት ሌሎቹ ልጆች አይተው ተምረውታል፣ የመምህሩንም አመታት እንዲሁ። «አጨብጭቡለት» ማለት ደግሞ ለአንዱ ልጅ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የሚያየው ክፍል ሁሉ ምን እንደሚያስከብር ይማርበታል። ስለዚህ መልሱ ትክክል ለሆነው ብቻ ሳይሆን አሠራሩን በግልጽ ላሳየውም እንዲጨበጨብ ማድረግ ጀምሬአለሁ። ውጤቱን ለመናገር ገና ነው፤ እጃቸውን የሚያወጡት ልጆች ግን እየተመለሱ ነው።

ቀጥሎ የማጠናው ባንዱራ በ1977 ስለ ጻፈበት በራስ ችሎታ የማመን ጉዳይ ነው። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል አራቱን ዐምድ የምትሞሉበት የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ባልደረቦች ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ፤ እኔ እስካሁን በአንድ ክፍለ ጊዜ ከጥቂት ተማሪዎች በላይ መከታተል አልቻልሁም።