የመንዝ በግ አረባባችን፦ ምርጡ ጠቦት ለገበያ አይወጣም

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትርን በሚያልፈው የመንዝ ደጋ፣ ውርጭ ገብሱን ሲመታው ቤተሰብን የሚያሻግረው በግ ነው። እኔና ወንድሞቼ የአባታችንን መንጋ ስንረከብ የመረጥነው ዝርያ መለወጥን ሳይሆን፣ ጸጉራሙንና ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ አጭር ላት ያለውን የአገራችንን በግ በግጦሽ እያሰማሩ ከራሱ ውስጥ መምረጥን ነው። ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው የአዋሲ በግ ድቅል ፈጥኖ እንደሚያድግ አይካድም፤ ነገር ግን ብዙ መኖ ይፈልጋል፣ የእኛ በግ ደግሞ በበጋው ደረቅ ሣር ይከርማል፣ የሆድ ትልንም በተሻለ ይቋቋማል።

ዋናው ጉዳይ አውራው ነው። በአካባቢያችን ልማድ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ይሸጣል፤ ነጋዴ ያልፈለገው ቀጫጫ እቤት ቀርቶ ሴቶቹን እያጠቃ ያስረግዛል፤ መንጋውም ከዓመት ዓመት እየደቀቀ ይሄዳል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የግብርናና የእንስሳት ምርምር ተቋማት ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር በመንዝ የጀመሩት ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ይህንኑ ለመገልበጥ የታሰበ ነበር። እኛም ዘዴውን ለቤታችን እንዲመች አድርገን ወሰድነው፦ ግልገል ሲወለድ እናቱንና ቀኑን በደብተር እንመዘግባለን፤ ስድስት ወር ሲሞላው መዝነን፣ እናቱም የወለደቻቸውን ያሳደገች መሆኗን አይተን አውራ እናስቀራለን፤ የቀሩትን ለሙክት እንቀጠቅጣለን። አውራው የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ፣ እነሱ ሳይደርሱ ከጎረቤት አውራ ጋር እንለውጠዋለን። ነጋዴ ደጃችን ድረስ መጥቶ «እማማ፣ ይህን ጠቦት አሁን ካልሸጡት ለመቼ ያስቀምጡታል?» ሲል እናቴ «እሱ የዘር ነው ልጄ፤ ሙክቶቹን እይ» ትለዋለች።

ግጦሹ ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የትል እጮች እርጥብ ሣር ላይ ስለሚወጡ፣ ጤዛው ሳይረግፍ በጎቹን ከጉረኖ አናወጣም። ክረምቱ አልፎ ረግረጉ ሲሸሽ የሚቀረው ለምለም ሣር ያጓጓል፤ ሆኖም የጉበት ትልን የሚያሸጋግረው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያው ነውና በጎቹን አናስጠጋም። ብዙ ሰው ለዚህ ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል የሚገድለው የበሰለውን ትል ብቻ ሲሆን፣ ገና በጉበት ውስጥ የሚሄደውን ጭምር የሚያጠፋው ትሪክላቤንዳዞል ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን አዙሪት የሚባለው በሽታ ነው። በጉ አንገቱን አዘንብሎ ባንድ ወገን ይዞራል፣ ከመንጋው ይነጠላል፣ በመጨረሻም መብላት ያቅተዋል። መነሻው የውሻ የኮሶ ትል ነው፤ እጩ በበጉ አንጎል ውስጥ ያድጋል፤ የታመመ በግ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ከተጣለ፣ ውሻው እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ግጦሹ ላይ ይዘራዋል። ስለዚህ ጭንቅላቱን በጥልቅ እንቀብራለን፤ ግጦሹ የጋራ ስለሆነም የእኛ መቅበር ብቻ ስለማይበቃ፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር አዋጥተን ለሰፈሩ ውሾች ሁሉ የትል መድኃኒት እንገዛለን።