ለአይኤልትስ በዘፈን መዘጋጀት፦ ለጆሮዬ የጠቀመኝና ያልጠቀመኝ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው አበጥሬ አውቃለሁ ብሎ የተሰደደ ሰው መጀመሪያ ጉድ የሚሠራው ጆሮው ነው። ያነባል፣ ይረዳል፣ ቀስ ብሎም ይጽፋል። የአውቶቡስ ሾፌር አንድ ዓረፍተ ነገር ሲወረውርለት ግን ፈዞ ይቀራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና መፈተን ግድ ሲሆንብኝ ከአራቱ (ማዳመጥ፣ ንባብ፣ ጽሑፍና ንግግር) ያስፈራኝ ማዳመጡ ነው። ንባብ ላይ ያልገባህን መለስ ብለህ ታየዋለህ። ማዳመጥ ላይ ድምፁ የሚለቀቀው አንዴ ብቻ ነው። ካመለጠህ አመለጠህ።

የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ቁጭ ብዬ የማጠናበት ጊዜ አልነበረኝም። ጆሮዬ ግን ሥራ ፈት ነው። ዕቃ እያሸግን ኢርፎን መሰካት ስለሚፈቀድልን በዘፈን ጀመርኩ። አብሮን የሚኖር ጋሼ የምንለው ሰው ኩሽና ውስጥ ሳንጎራጉር ሲሰማኝ፣ «አንተ ልጅ፣ የምትዘጋጀው ለፈተና ነው ወይስ ለሠርግ?» ይለኝ ነበር።

ጋሼ ይሳቅ እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እኛ አማርኛ ስንናገር እያንዳንዱን ፊደል እንደየድርሻው እናወጣዋለን። እንግሊዝኛ ግን ዋና ዋናዎቹን ቃላት ጎላ አድርጎ የቀሩትን ይውጣቸዋል። «ዲድ ዩ» ሲፈጥን «ዲጁ» ይሆናል። «ቴል ኸር» ውስጥ ያለችው «ኸ» ትጠፋና «ቴለር» ይቀራል። «ኔክስት ዴይ» ላይ «ት»ዋን ብትፈልግ አታገኛትም። «አን አወር አጎ» ደግሞ ተጣብቆ «አናወራጎ» ሆኖ ይመጣል። ሁሉም ለየብቻ የምናውቃቸው ቃላት ናቸው። ተያይዘው ሲመጡ ነው ባዕድ የሚሆኑብን። ዘፋኙ ደግሞ ከምቱ ጋር ለመሄድ ይህንኑ ያደርጋል፤ ያውም ሳይሰለችህ ደጋግመህ የምትሰማው ነገር ላይ። የልምምድ ፈተና ድምፅ እንደዚያ ደጋግመህ ስማ ብትባል ትታመማለህ።

ዝም ብሎ መስማት ግን የትም አያደርስም። ዘፈን ከበስተጀርባ እየተንቆረቆረ እንግሊዝኛ በራሱ ጊዜ ይገባል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንበትም። እኔ የምይዘው አንድ አንጓ ብቻ ነው። ግጥሙን ሳላይ እሰማና የሰማሁትን እጽፋለሁ። ያልሰማሁት ቦታ ላይ ሰረዝ አሰምራለሁ። ከዚያ ግጥሙን አውጥቼ አስተያያለሁ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የሳትኳቸው ቦታዎች ሲታዩ ከባድ ቃላት አይደሉም። የብዙ ቁጥር «ስ»፣ ያለፈ ጊዜ «ድ»፣ «ካን» እና «ካንት» ናቸው። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙ ሰው ይጥላሉ፤ «ካን» መሀል ላይ ሲገባ «ክን» ብላ ታልፋለች፣ «ካንት» ግን ጎላ ብላ ትሰማለች። እኛ ጠብቆና ላልቶ እያልን የምንለየውን ያህል ትርጉም ይገለብጣሉ። በመጨረሻ ከዘፋኙ ጋር እኩል እዘፍናለሁ። አፍ ያወጣውን ጆሮ ቶሎ ያውቀዋል።

ለጀማሪ ራፕ አልመክርም። ታሪክ የሚተርኩ፣ አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ያለባቸው ዘፈኖች ይሻላሉ።

አሁን ወደማይጠቅምበት ልምጣ። የአይኤልትስ ማዳመጥ ወደ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ አራት ክፍል፣ 40 ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው ክፍል የሁለት ሰዎች የዕለት ተዕለት ንግግር ነው፦ ቤት ኪራይ፣ ቀጠሮ፣ ምዝገባ። የአባት ስም ፊደል በፊደል ይነገራል፣ ስልክ ቁጥር ይነበባል። የትኛው ዘፋኝ ነው ስልክ ቁጥር የሚያነብልህ? «ሰርቲን» (13) እና «ሰርቲ»ን (30) ዘፈን አያስለይህም። ተናጋሪው «ማክሰኞ… አይ፣ ይቅርታ፣ ሐሙስ ይሻለኛል» ሲል ማክሰኞን ጽፎ የሚቀር ብዙ ነው። ፊደል ከሳትክ ነጥቡ የለም። ከሁለት ቃል አይብለጥ ተብሎ ሦስት ብትጽፍም እንዲሁ።

የጠቀመኝ መሸጋገሪያ የዚያኑ ዘፋኝ ቃለ መጠይቅ ማዳመጥ ነው። ድምፁን ለምደኸዋል፣ ወሬውም ይስብሃል። ሲያወራ ግን ይንተባተባል፣ ያለውን ያርማል፣ ጠያቂው ያቋርጠዋል። የፈተናው ሦስተኛ ክፍል፣ እስከ አራት ሰው ስለ ትምህርት የሚወያይበት፣ ከዘፈን ይልቅ ለዚህ ይቀርባል። ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ እንግሊዛውያን ሲዘፍኑ አሜሪካዊ ይመስላሉ። እውነተኛ አነጋገራቸው የሚወጣው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። ፈተናው ላይ የእንግሊዝም፣ የአውስትራሊያም፣ የኒውዚላንድም፣ የሰሜን አሜሪካም አነጋገር ሊመጣ ስለሚችል ጆሮህን ለአንዱ ብቻ አታስለምደው። ቃለ መጠይቁን አንዴ ብቻ ስማና ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ቦታ ጻፍ። ከዚያ መልሰህ አረጋግጥ።

አራተኛው ክፍል አንድ ሰው ብቻውን የሚሰጠው ሌክቸር ነው፤ መሀል ላይ ፋታ የለውም። ለእሱ ዘፈን ምንም አያደርግልህም፣ ሌክቸር ራሱን መስማት ነው። ፈተናው ሲቃረብ እኔ ዘፈኑን ትቼ ወደ ልምምድ ፈተናዎች ዞርኩ። ጋሼም በሰላም ተኛ።

ግጥሞችን ከኢንተርኔት ስታወጡ ግን ጠንቀቅ በሉ። ብዙዎቹን የሚጽፏቸው አድማጮች ናቸው፤ እነሱም ይሳሳታሉ። «ጎና» (ጎዪንግ ቱ) እና «ዋና» (ዎንት ቱ) የመሳሰሉትን አሳጥሮ የተነገሩ ቃላት ጆሯችሁ ይወቃቸው እንጂ የጽሑፍ ፈተናው ላይ እንዳታስገቧቸው። የቃሉን አጻጻፍ ከመዝገበ ቃላት አረጋግጡ። የእንግሊዙም የአሜሪካውም አጻጻፍ ተቀባይነት አለው።