ተራ ቁጥር

ዛሬ ሲያካፋ ዋለ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሐምሌ ሲገባ ልብም አብሮ ይደምናል መሰለኝ፤ ምንም ሳልሆን ከፍቶኝ ነው የዋልሁት።

ሥልጠናው ላይ አሠልጣኙ ወረቀት አደለንና "በሕይወታችሁ ምን ምን እንደሆናችሁ በደረጃ ጻፉ" አለን። አባት፣ ባል፣ ሠራተኛ፣ የዕድር ጸሐፊ፣ የቤቱ ታላቅ ልጅ እያልሁ ወረድሁ። (በልቤ አንደኛ የነበረው አበሉ መቼ ይፈረማል የሚለው ነው፤ እሱ ግን አይጻፍም።) አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከሁሉም በላይ "ክርስቲያን" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት። የኔ ወረቀት ላይ የትም የለም። ልጨምረው አሰብሁ፤ ግን የት ላስገባው? አንደኛ ላይ ብጽፈው ከእሷ የቀዳሁ ይመስላል፤ ስድስተኛ ላይ ደግሞ እንዴት ተደርጎ!

በዕድሜ ከሆነ እኮ ሁሉንም ይበልጣል። ክርስትና የተነሳሁት በአርባ ቀኔ ነው። ያኔ የማንም አባት፣ የማንም ሠራተኛ አልነበርሁም። ማተቡ አንገቴ ላይ ታሰረ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። መጥቶ ግን ተጋፍቶ ከፊት ቆመ። ጠዋት የልጆቹ ነገር፣ ከዚያ የፊርማ ሰዓት፣ ማታ የዕድሩ መዝገብ፤ አቡነ ዘበሰማያት አልጋ ላይ በግማሽ ዓይን።

እማዬ ይህን ወረቀት ቢሰጧት ምን ትሞላ ነበር? እሷ ዘንድ ሃይማኖት ከሥራ ተለይቶ ለብቻው የሚቆም ነገር አይደለም። ሊጡን አቡክታ ስትጨርስ ላዩ ላይ በጣቷ መስቀል ታደርግበታለች፤ ጣቷ ላይ የቀረውን በቡሃቃው ጠርዝ ጠረግ ታደርግና ትከድነዋለች። ጎተራ ስትከፍት "በስመ አብ"፣ ላሟን ልታልብ ስትቀመጥ "በስመ አብ"፣ ድመቷ ወጡን ስትደፋውም "በስመ አብ!"

አባባም፣ ነፍሱን ይማርና፣ በ12፣ በ21 እና በ29 በሬ አይጠምድም ነበር። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ባለወልድ። የጤፉ መዝሪያ ቢያልፍበትም ሞፈርና ቀንበሩ ካሉበት አይነሱም። ግን እኮ የሚጠምድ ጎረቤትም አልነበረም! አንድ ደፋር ቢገኝ "በረዶ ልታመጣብን ነው" ተብሎ አገር ይነሳበታል። አባባ እምነቴን ላስቀድም ብሎ ማሰብ አላስፈለገውም፤ አገሩ ሁሉ አስቀድሞለታል። እኔን በ21 ጠዋት ሪፖርት አድርስ የሚለኝ አለቃ ግን በረዶ አያስፈራውም፤ ቢሮው ጤፍ አይዘራ።

ታዲያ ያቺ ልጅ ከላይ መጻፏ፣ ማስመሯም፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ለእኛ ዓይነቱ ካልተጻፈ ይጠፋል። ወይስ መጻፍ ካስፈለገው ቀድሞውኑ ጠፍቷል? እንጃ።

እማዬ 21 በመጣ ቁጥር ማታ ትደውላለች። "ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልህ?" ትላለች፤ ፈተና መሆኑ ይገባኛል። "ምንም" ስላት "እሰይ የኔ ልጅ፣ እሷው ትጠብቅህ" ብላ ትመርቀኛለች። ዋሸሃት እንዳትሉኝ ብቻ፤ አለቃዬም ቢጠየቅ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።