የገብስ ሾርባ በሱሉልታ፦ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው

ይህን የምጽፈው ፍትግ ገብስ ገዝቶ፣ ማሸጊያው ላይ «በ30 ደቂቃ ይበስላል» የሚለውን አምኖ፣ እንግዳ ጠርቶ ሾርባ ሊጥድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ እንዲያነበው ነው። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ያነሣሣኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ መንገደኞች የሚያርፉበት አንድ ትንሽ ካፌ ነው። በዚያ ብርድ ላይ የሚቀርበው የገብስ ሾርባ ለምግብ መክፈቻ ሳይሆን ለምሳ የሚበቃ ነው፤ የቅልጥሙ መረቅ ከንፈር ያጣብቃል፣ ገብሱ ቅርጹን ሳይለቅ ልስልስ ብሎ ይገኛል፣ ከላይ የተነሰነሰው ቃሪያ ደግሞ ቅባቱን ይቆርጠዋል። ባለቤቷን ምን ምን እንደሚገባበት ጠይቄ ሁሉንም በደስታ ዘረዘሩልኝ።

ሱሉልታ ቤቴ ውስጥ ያንኑ ለመሥራት ስነሣ አብዛኛው ሥራ አላስቸገረኝም። መቅኔ ያለበት 1 ኪሎ ቅልጥም አስቆርጬ ገዛሁ፤ አንድ ጊዜ አፍልቼ የመጀመሪያውን ውሃ ደፋሁና በ3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እንደገና ጥጄ፣ አረፋውን እየገፈፍኩ በዝግተኛ እሳት ተውኩት። ሽንኩርቱ፣ ካሮቱና ድንቹ ማንም የሚያውቀው ነው።

አበሳ የሆነብኝ ገብሱ ነው። በማሸጊያው መመሪያ መሠረት ገብሱን ከተከተፈ ቲማቲምና ከጨው ጋር አንድ ላይ መረቁ ውስጥ ጨመርኩት። ግማሽ ሰዓቱ አለፈ፤ ሰዓትም ሞላ። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ ዳቦው ተቆርጧል፣ ገብሱ ግን ውጩ አብጦ እምብርቱ እንደ ጥሬ ነበር። ማሸጊያው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነጋገረኝ ሠራተኛ «እሳቱን ይጨምሩ» አለኝ። ውሃው ከፈላ መቆየቱን ብነግረውም መመሪያው ተፈትኖ የወጣ መሆኑን ደጋግሞ ከመናገር በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። እንዳለው እሳቱን ጨመርኩ፤ መረቁ ጎደለ፣ የድስቱ ቂጥ አረረ፣ ገብሱ ግን ያው ነበር። ያ ሁሉ የቅልጥም መረቅ የእርር ሽታ ይዞ ሲደፋ የተሰማኝ ንዴት እስካሁን አልለቀቀኝም።

የሚያናድደኝ ምክንያቱ የተሰወረ ነገር ባለመሆኑ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ሲሆን፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሱሉልታ የፈላ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ሆና ሳለ ለዚህ ገበያ የሚታሸግ እህል ላይ ይህን የማይጠቅስ መመሪያ ማተም፣ ደውሎ ለሚጠይቅ ሰውም እሳት ጨምር ማለት፣ በእኔ እምነት ለበላተኛው ግድ ማጣት ነው። የቲማቲሙ ምክርም የባሰ ጎጂ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ የጥራጥሬንና የአትክልትን መለስለስ ያዘገያል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ወደ ካፌው ስመለስ ነው። ባለቤቷ ታሪኩን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ገብሱማ ማታ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት ለብቻው ይቀቀላል። ከመረቁ ጋር የሚገናኘው ከበሰለ በኋላ ነው» አሉኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እርሳቸው ገብሱን ከገበያ ገዝተው ራሳቸው ያስፈትጋሉ እንጂ የማንንም ማሸጊያ አንብበው አያውቁም።

አሁን እኔም የምሠራው እንደ እርሳቸው ነው። ለዚያ መረቅ 200 ግራም ገብስ አዘፍዝፌ አሳድራለሁ፤ ያለ ጨውና ያለ ቲማቲም ለብቻው እቀቅለዋለሁ። ሰዓት አላይም፤ አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰብሬ አያለሁ፤ እምብርቷ ገና ነጭ ከሆነ አልበሰለምና አላወርድም። ፕሬሸር ኩከር ያላችሁ በእርሱ ብትቀቅሉት ይሻላል፣ የኩከሩ መመሪያ የሚለው ደቂቃ ግን ለቆላ የተጻፈ ስለሆነ ሲሶ ያህል ጨምሩበት። ቲማቲም የምትወዱ ከሆነ ገብሱ ከበሰለ በኋላ አስገቡት። የሾርባ ኩብ የሚመክሯችሁን አትስሟቸው፤ በደንብ የተቀቀለ ቅልጥም አያስፈልገውም።

የተረፈ ሾርባ ካለ ገብሱ አድሮ መረቁን ሁሉ ስለሚጠጣ፣ የሚበላውን ያህል ብቻ ቀላቅላችሁ ቀሪውን ገብስና መረቅ ለየብቻ አስቀምጡ። ቃሪያውን ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ሳህኑ ላይ፣ ሊበላ ሲል ነስንሱት።